የቁር አምባ መንገድ ክፍት መሆኑን ስለማስታወቅ

ኅዳር 7 ቀን 1967 ዓ.ም.
ከቁር አምባ ጊዮርጊስ

ለክቡር ግራዝማች አምባቸው፣
የቁር አምባ ምክትል ወረዳ ገዥ ለነበሩት፣
የአሁን አድራሻቸው ከከላላ ገበያ በታች፣ በወይዘሮ ብዙዬ ግቢ፣ ከጎተራው ኋላ ካለው የጭድ ክምር ውስጥ ለሆነው፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤንነትዎ ያለኝን ከፍ ያለ አሳብ በትሕትና እገልጻለሁ። ጭድ ውስጥ ማደር ለወገብ እንደማይመች፣ አቧራውም ደረት እንደሚይዝ ስለማውቅ፣ ወረቀትዎ ከደረሰኝ ጊዜ ጀምሮ ስምዎን ሳላነሣ የዋልኩበት ቀን የለም። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ ዐይንዎን ይጠብቅልዎ፤ ሦስቱም ለመጪዎቹ ቀናት ያስፈልጉዎታል። እኛ ከአራት ሰዎች በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው ማክሰኞ በበቅሎ ጫኝዎ በአሻግሬ እጅ የላኩልኝን ወረቀት ተቀብያለሁ። ይህ መልሴ በአደባባይ የሚነበብ ስለሆነ፣ ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ሲባል የጻፉልኝን ቃል አንዲት ሳልጨምርና ሳልቀንስ ላስፍረው፦ «መሪጌታ ተረፈ፣ ያለፈው አልፏል። በቁር አምባ በኩል አድርጌ ወደ ዓባይ ለመውረድ አስቤያለሁ። አየሩ እንዴት ነው፣ ጉም ይወርዳል ወይ? መንገዱ ለእግረኛ ይመቻል ወይ? ማረፊያ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ ወይ? ሰዉስ ያንን ነገር አሁንም ያነሣዋል? መልሱን በምስጢር ላክልኝ፤ ውለታህን አልረሳም።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሳነብ ምን ያህል እንደኮራሁ ልነግርዎ አልችልም። በሥልጣን ላይ ሳሉ በየሳምንቱ ዓርብ የአምባውን አየርና የመንገዱን ሁኔታ ጽፌ እንድልክልዎ አዘውኝ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ጭቃውን፣ ውርጩን፣ በረዶውን፣ የተናደውን ጠርዝ ሳይቀር እየጻፍኩ ስልክልዎ አንድ ቀን እንኳ ደርሶኛል ብለውኝ አያውቁም። ትዝ የምልዎ እንግዳ ሊጋብዙ ሲሆን ብቻ ነበር፤ ያኔም የሚያስጠይቁኝ በቅሎ ይወጣ እንደሆነ እንጂ ሰው ይወጣ እንደሆነ አልነበረም። አሁን ግን በገዛ እጅዎ ጽፈው፣ ስሜን ከነማዕረጌ ጠርተው ጠየቁኝ። ትሕትናን ለመማር ጭድ ውስጥ መቀመጥ ይህን ያህል እንደሚጠቅም አላውቅም ነበር።

ከልመናዎ መካከል ልፈጽምልዎ ያልቻልኩት በምስጢር የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት በማኅሌት የቆመ ሰው ድምፁን ዝቅ ማድረግ አይችልበትም። ስለዚህ መልሴ በቤተ ክርስቲያናችን ደጀ ሰላም፣ በከላላ ገበያና በመካነ ሰላም ገበያ እንዲነበብ ሦስት ግልባጭ አዘጋጅቻለሁ። ስለ እውነተኛነቱ ግን አይጠራጠሩ። በሕይወቴ ብዙ ኃጢአት ሠርቻለሁ፣ ከመካከሉም አንዱን ከዚህ በታች ያገኙታል፤ ስለ መንገድ የሐሰት ወሬ ግን ጽፌ አላውቅም፣ ለእርስዎም ብዬ አልጀምርም። እንደ አጠያየቅዎ በተራ እመልሳለሁ።

1ኛ፦ ስለ አየሩ

ክረምቱ ከተሰናበተ ሁለት ወር ሊሆነው ነው። ዘንድሮ ዝናቡ ደግ ነበር፤ ገብሱም ስንዴውም ይዟል፣ አጨዳ ላይ ነን። የሚጠይቁኝ ጉም ከመስቀል ወዲህ አንድም ቀን አልወረደም፤ እስከሚመጣው ሰኔም ይወርዳል ብዬ ተስፋ ልሰጥዎ አልደፍርም። ሰማዩ ከንጋት እስከ ምሽት እንደታጠበ ሳህን ነው። ከአምባው ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ከታች ካለው ወንዝ የምትነሣ አህያ ቡላ ትሁን ጥቁር ይለያል፤ ጭነቷ ሲያዘነብል ሳይቀር ያያል። በጨረቃ እሄዳለሁ ብለው አስበው እንደሆነ ደግሞ፣ ጨረቃዋ ከቀን ወደ ቀን እየሞላች መሆኗን ላስታውስዎ እወዳለሁ።

ማለዳ ማለዳ ውርጭ ይጥላል። በውርጭ ላይ የተረገጠ ዱካ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የእርስዎ ጫማ ደግሞ ባለ ምስማር መሆኑን ከቁር አምባ እስከ ከላላ የማያውቅ የለም፣ ብዙዎቻችን በጀርባችን እናውቀዋለን። ስለዚህ ጫማውን አውልቀው በባዶ እግር ቢሄዱ ይሻልዎታል እንዳልል፣ የውርጩን መሬት ያልለመደ እግር ግማሽ አቀበት ሳይወጣ ይሰነጠቃል። ይህንን ለጥንቃቄ ያህል ጻፍኩት።

ጉም ቢኖር ኖሮ እንደሚመችዎ ይገባኛል። በጉም ብዙ ነገር እንደሚሸፈን የተማርነው በ1965 ክረምት ከእርስዎ ነው። ያን ጊዜ ከበላይ አካል የተላኩ ሁለት ሹማምንት አገሩን ረሀብ ገብቶበት እንደሆነ መርምረው እንዲመለሱ ታዘው መጡ፤ እርስዎም በክብር ተቀብለው አምባው ላይ አወጧቸው፤ እነርሱም ዘጠኝ ቀን ከማረፊያ ቤቱ ሳይወጡ ሰነበቱና፣ በጉሙ ብዛት ምክንያት ረሀብ የሚባል ነገር አልታየንም ብለው ጽፈው ሄዱ። ረሀቡ ከጉሙ በታች ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ቁልቁል ቢሄዱ ኖሮ በየአጥሩ ሥር ተቀምጦ ያገኙት ነበር።

2ኛ፦ ስለ መንገዱ

መንገዱ ክፍት ነው። ከወይዘሮ ብዙዬ ግቢ እስከ ወንዙ ድረስ ለጥ ያለ ነው፤ ወንዙም ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ከወንዙ በላይ አቀበቱ ይጀምራል፤ ጭቃው ደርቋል፣ ባለፈው ዓመት የተናደውም ጠርዝ ተጠግኗል። ወደ ጫፉ ሲቃረቡ መንታ መንገድ ይገጥምዎታል። የግራው ጠባብ ነው፣ እርሱ ወደ ቤተ ክርስቲያናችንና ወደ ማረፊያ ቤቱ ያወጣል። የቀኙ ሰፊና የተረገጠ ስለሆነ ዐይን ይስባል፤ ነገር ግን ከብት ለሣር የሚወጣበት ነው እንጂ የትም አያደርስም፤ ሃምሳ እርምጃ ከሄዱ በኋላ ገደሉ አፋፍ ላይ ያልቃል።

እርስዎ ዘወትር በቅሎ ላይ ተቀምጠው፣ ልጓም የሚስብ ሰው ከፊት አስቀድመው ስላለፉበት ይህን መንታ ልብ ብለውት አያውቁ ይሆናል። እኛ በክረምት የምንለየው በዐይን አይደለም። አባቶቻችን ያቆዩን ሥርዓት አለ። ጉም ሲወርድ ከየቤቱ በተራ አንድ ሰው ይወጣና የጊዮርጊስን የድንጋይ ደወል ሦስት ሦስት ጊዜ እየመታ፣ ጉሙ እስኪገለጥ ወይም የመጨረሻው መንገደኛ እስኪገባ ድረስ አያቋርጥም። ከታች የሚመጣውም ደወሉን በግራ ጆሮው ይዞ፣ እየቆመ እያዳመጠ ይወጣል። ደወሉ ዝም ካለ ደግሞ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ላዩ ብራ ነው፣ ጉሙ እናንተ ያላችሁበት ሥፍራ ብቻ ነው፣ ሳትቆሙ ውጡ ማለት ነው። በአምባችን ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። አራቱ ሰዎቻችን የሞቱት መንገዱን ባለማወቅ ሳይሆን ይህን ሥርዓት አጥብቀው በማወቃቸው መሆኑን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሰዎቹ ከሞቱ ከአንድ ወር በኋላ መንታው ላይ ያስተከሉት ሰሌዳም አሁን ድረስ አለ። በቀይ ቀለም «ወደ ማረፊያ ቤት» ይላል። ፊደል የማይለየውን ገበሬ ከገደል ለማዳን ያሳዩት አሳቢነት እስከ ዛሬ ያስገርመናል፤ ለእርስዎ ግን ይጠቅማል።

3ኛ፦ ስለ ማረፊያ ቤቱ

አዎን፣ ሰው አለበት። ቆርቆሮውን ከወረኢሉ በትከሻችን ተሸክመን፣ ድንጋዩን ከገደሉ ሥር እየፈነቀልን፣ ለአገር እድገት ነው ተብለን ስለ ሠራነው ስለዚህ ቤት ሳልጽፍ ባልፍ ቅር ይለኛል። መስኮቶቹ ትላልቅ በመሆናቸው በመላው አካባቢ ተመስግነዋል።

እነዚያ እንግዶች በፍልሰታ ጾም ሙክት እየታረደላቸው በሰነበቱበት ጊዜ ደወሉ እንቅልፍ እንደነሣቸው ለእርስዎ አቤት አሉ። ጉሙ ቀንም ይወርዳል፣ እነርሱም የሚተኙት ቀን ነበር። እርስዎም አቤቱታ ሰምተው ሳይውሉ ሳያድሩ ፍርድ ሲሰጡ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አየን። ደብዳቤዎን እነሆ፦ «የደወሉ ድምፅ የክቡራን እንግዶቻችንን ዕረፍት የሚያውክ ሆኖ ስለተገኘ፣ እንግዶቹ እስኪሸኙ ድረስ ከቅዳሴ ሰዓት በቀር እንዳይመታ በጥብቅ እናስታውቃለን።» ቀንና ቁጥር አለው፣ ፊርማዎ አለበት፣ ማኅተሙም አልፈዘዘም። ከዳዊቴ ገጾች መካከል አስቀምጬዋለሁ።

ወረቀቱ በደረሰኝ ዕለት ከማረፊያ ቤቱ በረንዳ ድረስ መጥቼ፣ ጥምጥሜን አውልቄ፣ ሰው እህል ፍለጋ ወደ ወረኢሉ መውረዱንና በጉም ሊመለስ እንደሚችል፣ የደወሉንም ትርጉም አንድ በአንድ አስረዳሁዎ። ከእንግዶቹ ጋር ነበሩ። ያሉኝን ረስተውት ከሆነ ላስታውስዎ፦ «መንገድ በጆሮ ነው እንዴ የሚኬደው?» እንግዶቹ ሳቁ። እኔም ከፊትዎ ስለነበርኩ ፈገግ አልኩ። ስለዚያች ፈገግታዬ እግዚአብሔር ይፍረድብኝ። እርስዎም በማግስቱ አንድ ነጭ ለባሽ ከነጠመንጃው ደወሉ ሥር አስቀመጡልን።

የእንግዶች መዝገቡም በእጃችን ነው። ነሐሴ 9 ቀን 1965 ዓ.ም. ከሁለቱ ሹማምንት አንዱ እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «አየሩ ነፋሻና ተስማሚ፣ ጸጥታውም ግሩም ነው።» ያ ዕለት ምን ዕለት እንደሆነ ቀጥሎ ያለውን ሲያነቡ ይገባዎታል።

አሁን በቤቱ ውስጥ የሚኖሩት በዚያ ክፉ ጊዜ ከራያ በኩል ተሰደው የመጡ ሰባት ቤተሰቦች ናቸው። እርስዎ ይተኙበት በነበረው ክፍል አንዲት እናት ወልዳ ተነሥታለች። ሽንጣሙ ጠረጴዛ ለማገዶ አልዋለም፣ እህል ይሰጣበታል። እነዚህ ሰዎች መንገዱ በመስኮታቸው ሥር ስለሚያልፍ ማን እንደወጣና ማን እንደወረደ ያውቃሉ፤ ከስደት የመጣ ሰው የሚያልፈውን ሁሉ ትክ ብሎ የማየት ልማድ አለው። መልክዎን፣ ቁመትዎንና የአረማመድዎን ሁኔታ ነግረናቸዋል።

4ኛ፦ ሰዉ ያንን ነገር አሁንም ያነሣው እንደሆነ

ክቡር ሆይ፣ ያነሣዋል።

በዚያ ዕለት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጉሙ ድንገት ወረደ፤ እጅ ዘርግቶ ጣትን ማየት አይቻልም ነበር። የደወሉ ተራ የእኔ ቤት ነበር። መምቻውን ይዤ ወጣሁ። ነጭ ለባሹ ተነሥቶ ፊቴ ቆመ፤ የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ መሪጌታ ተዉኝ፣ አያስጨርሱኝ አለኝ። እውነቱን ልንገርዎ፤ ያ ልጅ አይተኩስም ነበር፣ እኔም እንደማይተኩስ አውቅ ነበር። ያቆመኝ ጠመንጃው ሳይሆን ማኅተሙ ነው። ፊደል የቆጠርኩ ሰው በመሆኔ፣ ቁጥርና ቀን ያለበትን ወረቀት ከሰው ነፍስ አብልጬ ፈራሁ። ፊደል የማያውቅ ጎረቤቴ ቢሆን ኖሮ ተራው፣ ልጁን በክንዱ ገፍቶት ይመታው ነበር። እኔ ግን መንገደኞቹ ዛሬ ከላላ ያድራሉ፣ አይመጡም እያልኩ ራሴን እያታለልኩ መምቻውን ታቅፌ ቆምኩ።

መጥተው ነበር። ስድስት ሰዎች ከወረኢሉ ገብስ ይዘው እየተመለሱ ነበር። ሚስቴ አልጣሽ የእናቷን ድሪ በገብስ ለውጣ ነበር። ከእርሷ ጋር ጎረቤታችን ሞላ፣ ባሏን በዚያው ክረምት የቀበረችው በለጥሻቸው፣ የቤተ ክርስቲያናችንን አጥር የሚያጥረው ንጉሡ ነበሩ። ሐረግና እህቷ ጭነታቸው ተፈትቶባቸው ጥቂት ወደ ኋላ ቀርተዋል። የሆነውን ሁሉ የነገረችን ሐረግ ናት። መንታው ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ምንም አይታይም፣ ምንም አይሰማም። ሞላ እዚሁ ቁጭ ብለን እንጠብቅ አለ። ያኔ አልጣሽ እንዲህ አለች፦

«አብሽሩ፤ ዛሬ ተራው የእኛ ቤት ነው። ላዩ ላይ ጉም ቢኖር ተረፈ ሳይመታው አይቀርም። ብራ ነው፣ እንውጣ።»

የደወል መቺው ሚስት ናትና አመኗት። ሰፊው መንገድ በእግራቸው ሥር ሲመቻቸው ጊዜ ወደ ቤት የሚያወጣቸው መሰላቸው። ሐረግ ከኋላ ሆና የሰማችው ጩኸት እንኳ አይደለም፤ ድንጋይ ሲንከባለል ብቻ ነው። በማግስቱ ከገደሉ ሥር ስናወጣቸው ገብሱ ከስልቻው ፈስሶ ዝናቡ አረስርሶት ሊያጎነቁል ነበር።

ሚስቴ የሞተችው እኔን አምና ነው። ይህን በጨዋ አነጋገር የምጽፍበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ፤ ስለ ጉድለቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እርስዎም ለበላይዎ ባስተላለፉት ሪፖርት «በአየር ጠባይ መበላሸት ምክንያት አራት መንገደኞች መሞታቸውን» ገልጸዋል። ጉሙን ከሰሱት፤ ጉሙም ቀርቦ መከራከር ስላልቻለ ተፈረደበት። እኛ ግን ከተዝካሩ በኋላ በአገራችን ሥርዓት አውጫጭኝ ተቀመጥን። እኔ ተነሥቼ የእርስዎን ደብዳቤ አነበብኩ፤ መምቻውን ይዤ መቆሜንም ሳልደብቅ ተናገርኩ። አንዱ እንኳ ቢሰድበኝ፣ አንዱ እንኳ ቢተፋብኝ ደስታዬ ነበር። ሁሉም ማሩኝ። ሐረግ እጄን ይዛ አለቀሰች። እነርሱ ስለማሩኝ ራሴን መማር አቃተኝ፤ ራሴን ካልማርኩ ደግሞ እርስዎን የምምርበት ምክንያት አይታየኝም። የንስሐ አባቴ በቀልን ለእግዚአብሔር ተው ብለው መክረውኛል። ምክራቸውን ተቀብያለሁ፤ ንስሐውን ግን እርስዎን ካገኘሁ በኋላ እገባለሁ ብያቸዋለሁ።

ሕዝቡ በእርስዎ ላይ የወሰነው ቀላል ነው። ገደሉ አጠገብ፣ መንታው ላይ ይቆማሉ፤ ከዳዊቴ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ ከቁጥሩ እስከ ማኅተሙ ድረስ ከፍ ባለ ድምፅ ያነቡልናል። ከዚያም የአራቱን ስም ከነአባታቸው ይጠራሉ። ይህ ሲፈጸም ስምዎን በሬዲዮ ለጠራው ለአዲሱ መንግሥት እጅ በእጅ እናስረክብዎታለን። እኔ ግን ይህ ይበቃኛል ብዬ አልዋሽም፤ ቢያንስ ድምፅዎ ሲንቀጠቀጥ መስማት እፈልጋለሁ።

ለማጠቃለል ምስጋና አለኝ። ብዙ ሰው እያለ ከሁሉ መርጠው እኔን በማመንዎ አመሰግናለሁ፤ አምናኝ የነበረች አንዲት ሰው ምን እንደደረሰባት ከላይ አንብበዋል። ወይዘሮ ብዙዬም እንግዳ መቀበል ልማዷ ስለሆነ ምንም እንደማንወቅሳት ይንገሩልኝ። ከሁሉ በላይ ግን መልእክተኛ አድርገው አሻግሬን ስለላኩልኝ ውለታዎ አለብኝ። ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁትም፤ ወረቀቱን ሰጥቶኝ ከመቀመጡ በፊት ራሱ ነገረኝ። ሰባት ዓመት በቅሎዎን ሲጭንልዎ አንድ ቀን የማን ወንድም ነህ ብለውት ቢሆን ኖሮ፣ የሞላ ወንድም መሆኑን ሳይደብቅ ይነግርዎት ነበር።

የሚያስነሣ ጉልበት፣ የሚያስኬድ እግር፣ የሚያስነብብ ዐይን እንዲሰጥዎ እየለመንኩ፣ ላለፈው ትእዛዝዎ ታዛዥ የነበርኩት፣ ለሚመጣው ግን ያልሆንኩት

መሪጌታ ተረፈ፣
የአልጣሽ ባል

ግልባጭ፦ ለከላላ ገበያ፣ ለመካነ ሰላም ገበያ፣ ለቁር አምባ ጊዮርጊስ ደጀ ሰላም።

ማስታወሻ፦ ለክብርዎ ሲባል ይህ ደብዳቤ በየትኛውም ገበያ ከመነበቡ በፊት በእጅዎ እንዲገባ ተደርጓል። ይዘውት የመጡት ሰዎች አራት ናቸው፤ ከአራቱ ሟቾች ቤት አንድ አንድ ተመርጠው ነው። አሁን ከጎተራው ደጅ ቆመው፣ ንባብዎን እስኪጨርሱ በትዕግሥት እየጠበቁ ነው። ከመካከላቸው አንዱ እኔ ነኝ። ስለ መንገዱ ያልገባዎት ነገር ካለ፣ እየሄድን በቃል አስረዳዎታለሁ።